ፎቅ የሌለው መርከብና የእትዬ አስካለ ጥላ

ከዝዋይ ከተመለስን ሳምንት ሆነን። የአፍንጫዬ ቆዳ ዛሬም እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም እየተላጠ ነው። ከዳቦ ቤቱ እስከ ታክሲ ተራው ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንዴት ነበር?» እያለ ስለሚያቆመኝ፣ አንዱን ታሪክ ሰባቴ ከማወራ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያደገ ሰው ብዙ ውኃ የሚያየው ወይ በርሜል ውስጥ ነው፣ ወይ ክረምት ላይ ከእንጦጦ ቁልቁል የሰው ጫማ ይዞ ሲወርድ ነው። ስለዚህ ሐይቅ አይታችሁ እንደማታውቁ፣ ወደፊትም ማንም እንደማይወስዳችሁ ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ እትዬ አስካለን ልንገራችሁ። ግቢያችን ውስጥ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ቤት የሳቸው ነው። አምና ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው እኔን ከእናቴ የሚለዩን በእግራችን ኮቴ ነበር፤ እናቴ ትራመዳለች፣ እኔ እሮጣለሁ። ለቀዶ ሕክምና ወረፋ ሲጠብቁ አጠገባቸው የተቀመጡ የዝዋይ ሴት፣ ሐይቁ መሀል ቱሉ ጉዶ በሚባል ደሴት ላይ ስላለችው ጽዮን ማርያም ሲያወሩላቸው፣ እዚያው ወንበር ላይ ተሳሉ። «ብርሃኔን ከመለስሽልኝ ዓመት ሳይሞላው ጥላ ይዤ ደጅሽ እመጣለሁ።» ዓይናቸው ተሠራ፣ ፋሻው ተፈታ፣ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነበር። «ሳላይሽ ወፍረሻል» አሉኝ።

«እንጦጦ ራጉኤል ከራሳችን በላይ ቁጭ ብሎ እንዴት ሐይቅ መሀል ይሳላሉ?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ።

«ስለት እንደ ታክሲ ቅርቡ አይመረጥም። አፌ ላይ የመጣችልኝ እሷ ናት።»

ጥላው ተገዛ። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋው ዓይነት። በላስቲክ፣ ከላስቲኩ በላይ በነጠላ ተጠቅልሎ አልጋቸው ሥር ወራት ተኛ። እትዬ ለራሳቸው ያወጡት ሕግ ነበራቸው፦ የስለት ዕቃ ደጁ ሳይደርስ አይከፈትም። ከተከፈተ ተጠቅመውበታል፤ የተጠቀሙበት ነገር ደግሞ ስለት አይሆንም፣ ስለቱ ካልሆነ ዓይኑም አይጸናም። የሚያደርሳቸው ሰው አጥተው ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው ናቲ እኔ ጋ የመጣው።

የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ አራተኛ ሥራዬ ነው፤ ሦስቱን የለቀቅኩት አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ስለማልችል ነው እንጂ ማንም አልበደለኝም። ናቲ የጉዞ አዘጋጅ ነኝ የሚል፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ መነጽሩን ጭንቅላቱ ላይ የሚሰካ ሰው ነው። ማስታወቂያ ሊያሠራ መጣ፦ «የሦስት ቀን የመርከብ ሽርሽር በዝዋይ። አምስት ደሴት። ሙዚቃ። የሐይቅ ዳር ሆቴል።»

«አምስቱ ውስጥ ቱሉ ጉዶ አለ?» አልኩት።

«እሱማ ዋናው ነው። እሁድ ጠዋት።»

እሁድ የእትዬ አስካለ ዓመት የሚሞላበት ቀን ነው። ማስታወቂያውን ሳልጨርስ ሁለት ቦታ ያዝኩ።

አርብ

ቀጠሮው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር፤ መኪናው ሁለት ሰዓት ተኩል መጣ። «ልዩ አውቶቡስ» የተባለው፣ ከሽሮ ሜዳ ሰው ሲያመላልስ ያረጀ የሚመስል ቅጥቅጥ ነው። ልዩ ያደረገው መጋረጃው ነው፤ መጋረጃ ነበረው። እትዬ ጥላቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው መስኮት ዳር ተቀመጡ። ዓይናቸው ከተሠራ ወዲህ ከሰፈር ወጥተው ስለማያውቁ ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብለው እያነበቡ ነው የወረዱት፦ «ጎማ እንጠግናለን… የሚከራይ ቤት… እዚህ መሽናት ክልክል ነው።» ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ይስቃል።

መገናኛ ላይ ቲቸር ግርማ ተሳፈሩ። የሒሳብ መምህር ናቸው፣ የሚኖሩት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ገና ሳይቀመጡ፣ «ከየካ አባዶ መገናኛ የፈጀብኝ ከዚህ ዝዋይ ከሚፈጀው ይበልጣል፤ ስለዚህ እኔ ጉዞዬን ጨርሻለሁ ማለት ነው» ብለው ደብተር አወጡ። ለናቲ ማርክ ሊሰጡት ነው። ከአምስት፣ ለእያንዳንዱ ደሴት አንድ አንድ።

መንገዱን ባላወራላችሁ ይሻላል፣ ቀጥ ያለ ነው። እኛ ሰፈር ሰው ሲራመድ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ ከሞጆ በኋላ ግን መሬቱ እንደ ትሪ ተዘርግቶ ያስፈራል። እትዬ «ይሄ ሁሉ ሜዳ ሰው ሳይሰፍርበት?» እያሉ ለአገሩ አዘኑለት። መቂ ላይ ቲማቲም በሣጥን ወደ መስኮቱ ይመጣል፤ ዝዋይ የደረስነው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ምሳ ቤቱ ውስጥ ከዓሣ በቀር የሚሸት ነገር የለም። አርብ ነው። እትዬ ሽሮ አዘዙ።

«ዓሣ ምን አደረገዎት እናቴ?» አለች አስተናጋጇ። «ሰው ሁሉ በጾም ይበላዋል።»

«ደም ያለው አይጾምበትም።»

«እዚህ አገር ሽሮ ማለት ዓሣ ነው።»

ሽሮው መጣ። የተሠራበት ድስት ከጠዋት ጀምሮ ምን ሲሠራበት እንደዋለ አፍንጫችን ነገረን። እትዬ ሁለት ጊዜ ጎረሱ፣ ሳህኑን አዩ፣ ሦስተኛ ጎረሱ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚህ የሚጣፍጥ ሽሮ በልቼ አላውቅም» አሉ። ሳህኑ ተጠርጎ ወጣ።

ከዚያ ሐይቁ። እንዴት ልንገራችሁ? ራጉኤል ግቢ ቆማችሁ ከተማውን ቁልቁል ስታዩ፣ ያንን ሁሉ ቆርቆሮና ፎቅ አንሱትና በቦታው ዝም ያለ ቡና ዓይነት ውኃ አፍስሱበት። ያን ያህል ነው። ዳሩ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ መላጣ ወፎች እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ ይመስል ቆመዋል። «የድሮ የቀበሌያችንን ጸሐፊ አይመስሉም?» አሉ እትዬ፣ ወዲያው።

መርከቡ ግን የለም። ያለው ረጅም የብረት ጀልባ ነው፣ ባለ ሞተር፣ በላዩ የፕላስቲክ ወንበሮች የተደረደሩበት። ጣራ የለውም። ናቲን ክንዱን ያዝኩት።

«ፎቁ የታለ?»

«የቱ ፎቅ?»

«ማስታወቂያው ላይ ያለው። ባለ ሁለት ፎቅ ነጭ መርከብ።»

«እኔ ያልኩሽ ‹ደህና ጀልባ ጣል አድርጊበት› ነው። ፎቁን የጨመርሽው አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው። ፎቶውን ከኢንተርኔት የመረጥኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያገኘሁት ልክ ይሄንን የመሰለ የብረት ጀልባ ነበር፤ አስቀያሚ ነው ብዬ አለፍኩት። ነጩን መርከብ አመጣሁ። መዋኛ ገንዳም ነበረው፤ ለዝዋይ በዛ ብዬ እሱን ቆርጬዋለሁ። በቆረጥኩት ልክ እውነተኛ ያደረግኩት መስሎኝ፣ በራሴ ማስታወቂያ ራሴን አሳምኜ፣ እትዬን «ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው የሚሄዱት» ብዬ አመጣኋቸው። ቲቸር ግርማ ሰምተው ደብተራቸውን ከፈቱ። «አንቺንም ልመዝግብሽ?» አሉኝ።

ያም ሆኖ በዚያ ቀን አልተሳፈርንም። ጀልባ ነጂው ጋሽ ቦሩ ገመዱን ሊፈቱ እንኳ አልፈለጉም። ነፋስ ተነስቷል፤ ውኃው እየተነሳ ብረቱን በጥፊ ይለዋል። «ሐይቁ እስከ ምሳ የሰው ነው» አሉ ጋሽ ቦሩ። «ከምሳ በኋላ የራሱ ነው።» የመጀመሪያው ደሴት እንደዚህ ቀረ። ከአምስት ዜሮ።

ሆቴሉ «ሐይቅ ዳር» መሆኑን ናቲ ማለልን። የእኛ ክፍል ውስጥ ሐይቁ የሚታየው የሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ ቆመው በትንሿ መስኮት አንገት ሲያወጡ ነው። እትዬ ሁለቴ ወጥተው አዩት። እኔ ከታች ቀሚሳቸውን ይዤ፣ ለምን እንደማለቅስ ሳላውቅ በሳቅ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ጋሽ ቦሩ ንጋት ላይ ጀልባው ላይ ነበሩ፤ ናቲ ግን የሙዚቃ ማጉያውን ቻርጅ እስኪያደርግ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ማጉያው አንድ ዘፈን ተኩል ዘፈነና ጠፋ። የቀረውን ግማሽ ዘፈን እትዬ በራሳቸው ዜማ መዝሙር አድርገው ጨረሱት። ሃያ ሰው ነን፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያው ዘጠኝ ነው። «ለእናቶች ቅድሚያ» አለ ናቲ። እትዬ የሰጡትን ሰደርያ ተቀብለው ለጥላው አለበሱት።

«እሱ እንዳይሰምጥ ነው?» አሉ ቲቸር።

«እኔ ብሰምጥ ማርያም ነፍሴን ታያለች፤ እሱ ቢሰምጥ ባለዕዳ ሆኜ ነው የምሰምጠው።»

ሁለተኛው ደሴት አጠገብ ደረስን። ማረፊያው በእምቦጭ አረም ተሸፍኗል፤ ከላይ ሲያዩት ሣር ያለበት ሜዳ ነው፣ እግር ቢያሳርፉበት ግን ውኃ ነው። ጋሽ ቦሩ ሞተሩ ይታነቃል ብለው እንቢ አሉ። ናቲ ተነስቶ በእጁ አሳየን፦ «በቀኛችሁ የምታዩት ደሴት… ዛፎች አሉት። አየነው አይደል? በዓይን ተጎብኝቷል።» ሦስተኛውም በዓይን ተጎበኘ። እኔ ተቃጥያለሁ። እንዲህ ከሆነ ራጉኤል ላይ ሆኜ መላ አዲስ አበባን በዓይን እየጎበኘሁ እውል ነበር አልኩት። ቲቸር «ለዓይን ሩብ ማርክ እሰጣለሁ» አሉ።

እትዬ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ናቸው። ዓመት ሙሉ በዓይናቸው ያዩት ግቢያችንን፣ ሱቁንና እኔን ነው። አሁን ወፍ ይቆጥራሉ። አንዱ ጉማሬ ጆሮውን ብቻ አውጥቶ አየን፤ ሌሎቻችን ስንደነግጥ እሳቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉት። «በዓይን ማለትን አትናቂ» አሉኝ።

ወደ አራተኛው ደሴት ስንታጠፍ ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። አረሙ የፈሩትን አድርጓል። ጋሽ ቦሩ ጎንበስ ብለው ይፈታሉ፣ ያጥባሉ፣ ገመዱን ይስባሉ፤ ዝም። ነፋሱ ገና አልመጣም፤ ፀሐይ ብቻ አለች። እንጦጦ ላይ ፀሐይ ሲበዛብህ አንድ ባሕር ዛፍ ጥላ ውስጥ ትገባለህ፣ ወዲያው ይበርድሃል። እዚህ የሚገባበት የለም። ብረቱ ከታች ይጠብሳል፣ ውኃው ከጎን ያንጸባርቃል። አንድ ሰዓት እንደዚህ ተቀመጥን።

እትዬ ወሬ አቆሙ። ሳያቸው ከንፈራቸው ነጥቷል። ውኃ አጠጣኋቸው፣ ሹራቤን እርጥብ አድርጌ አናታቸው ላይ ጣልኩ፣ በደቂቃ ደረቀ። እጄን ወደ ጥላው ስሰድ ጥርሳቸውን ነክሰው ያዙት።

«እንዳትነኪው።»

«እትዬ፣ ሊሞቱብኝ ነው።»

«አንድ ቀን ነው የቀረው። እንዳትነኪው።» ከዚያ ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

አላመነታሁም። ሰደርያውን ፈታሁ፣ ነጠላውን ፈታሁ፣ ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩ፣ ገፋሁት። ጥላው በአንዴ፣ ጧ ብሎ ተከፈተ። የመጀመሪያው ነፋስ ልክ ያኔ መጣ። ጥላው እኔን ከወንበሬ አነሳኝ፤ ቲቸር ግርማ ወገቤን ያዙ፣ ናቲ ቲቸርን ያዘ፣ ወርቃማው ዘርፍ የቲቸርን መነጽር ጠርጎ ሐይቅ ውስጥ ጣለው። ጀልባዋ ቀስ ብላ ዞር ማለት ጀመረች። ጋሽ ቦሩ ቀና ብለው አዩና፣ «አትዝጊው፣ ወደ አራተኛው ደሴት፣ ወደ ጸደቻ ነው የሚወስደን» አሉ።

እትዬ ጥላው ሥር ዓይናቸውን ገለጡ። ቀዩን ከፋይ ከላያቸው አዩት። ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ።

ሩቅ አልሄድንም፣ ከደሴቱ እልልታ ሰማን። መጀመሪያ ፀሐዩ ጆሮዬን የነካው መሰለኝ። ቀጥሎ ሦስት ታንኳዎች እየቀዘፉ ወደ እኛ ሲመጡ አየን፤ ፊት ያሉት ሰውዬ ቆመው በአንድ እጃቸው ያማትባሉ። ዳር ላይ ሴቶች ነጭ ለብሰው ተሰልፈዋል። ታንኳዋ ስትጠጋ ሰውዬው ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ። የተላጠ አፍንጫ፣ የሞተ ማጉያ፣ መነጽር የሌላቸው መምህር።

«ታቦቱስ?» አሉ።

«የምን ታቦት?» አልኩ፣ ጥላውን እንደያዝኩ።

ሰውዬው ወደ ዳሩ ዞረው በደሴቶቹ ቋንቋ፣ በዛይኛ፣ አንድ ነገር ጮኹ። እልልታው መሀል ላይ ቆመ። ከዚያ ሳቁ ከዳር ተነስቶ እኛ ድረስ መጣ። በሐይቁ መሀል ቀይ ጥላ ሲያዩ ያልተነገረ ታቦት መጣ ብለው ቤት ጠርገው፣ ሥራ አቁመው ነው የወጡት። አቶ ደስታ ይባላሉ ሰውዬው። ጀልባችንን በገመድ እየጎተቱ፣ «ለታቦት ያሰብነውን ለእናንተ እንሰጣለን፣ ምን ይደረግ» አሉ።

ሰጡንም። አቶ ደስታና ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ አልጋቸውን ለእትዬ ለቀቁ፤ የቀረነው በየጎረቤቱ ተከፋፈልን። ዓሣ ወጥ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ እንደገና ዓሣ። እኛ ሰፈር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል፣ ከዚያ ነው ምግብ የሚቀርበው። እዚህ ምግቡ ቀድሞ ስማችንን የጠየቁን በልተን እጃችንን ስንታጠብ ነው። ወይዘሮ ብርቄ የእኔን ፊት አይተው እርጎ ቀቡኝ፤ በሕይወቴ ያገኘሁት ምርጥ ሕክምና ነው።

ፀሐይ ልትገባ ስትል እትዬን ደጅ አገኘኋቸው። አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ይሸፍኑና ያያሉ፣ ይቀይሩና ያያሉ። ከጥላው በኋላ አላናገሩኝም ነበር።

«ያንን ዛፍ ታይዋለሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኔ እየጠፋብኝ ነው። ጨለመብኝ። አላልኩሽም?»

«እትዬ፣ መሽቶ ነው።»

ሰማዩን አዩ። እኔን አዩ። ሊስቁ ነበር፣ ተውት። «ነገ ብትቀበለኝ ነው» አሉ። ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ ፎቅ፣ ሙዚቃ፣ ደሴት ስቆጥር፣ እሳቸው የሚቆጥሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

እሁድ

ጋሽ ቦሩ ሞተሩን አስነሱት። ናቲ ሁላችንንም ዳር ላይ ሰበሰበ። ነፋሱ ሳይመጣ በቀጥታ ወደ ዝዋይ መመለስ አለብን፣ ሞተሩ ሌላ መንገድ አይችልም አለ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። በንጹሑ ጠዋት ከውኃው ማዶ ከፍ ያለ ኮረብታ ይታያል። «ያውላችሁ ቱሉ ጉዶ። በዓይን…»

«ዝም በል» አሉት እትዬ። በሦስት ቀን ውስጥ ተቆጥተው ድምፃቸው ከፍ ሲል የመጀመሪያቸው ነው። «ያንን በዓይኔ ለማየት አይደለም የመጣሁት። ዓይኔን የሰጠችኝን በእግሬ ሄጄ ላመሰግናት ነው።»

እኔ ናቲ ላይ አፌን ልከፍት ስል አቶ ደስታ ቀደሙኝ። «ሁለት ሰው በታንኳ አደርሳለሁ። አሁን ሐይቁ የሰው ነው።»

«ሦስት» አለ ናቲ። ሁላችንም አየነው። መነጽሩን ከጭንቅላቱ አወረደ። «እኔም ሄጄ አላውቅም። ተጎትተን ከገባንበት ከዚህ በቀር አንዱንም። ቢያንስ አንዱን አስቤበት በእግሬ ልርገጥ።»

ቲቸር ግርማ ደብተራቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው አሥራ ሰባቱን ሰው አሰለፉ። «ሂድ። ክፍሉን እኔ እይዘዋለሁ» አሉት።

ስለ ታንኳው የምላችሁ፦ ጫፉ ከውኃው በላይ አንድ ስንዝር ነው። ወደ ግራ ብትስቁ ውኃ ይገባል፣ ወደ ቀኝ ብታስነጥሱ ውኃ ይገባል። እኔ ካልተንቀሳቀስኩ የምሞት ሰው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ሐውልት ተቀመጥኩ። አለቆቼ ቢያዩኝ አያምኑም ነበር። እትዬ ጥላውን እንደገና በነጠላው ጠቅልለውታል፤ ላስቲኩ ግን የለም፣ እኔ ቀድጄዋለሁ።

ቱሉ ጉዶ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ከላይ ነው። ናቲ ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔና እትዬ ዞረን አላየነውም፤ ፈረንሳይ ያደገ ጉልበት ዳገት ሲያገኝ ቤቱ የደረሰ ነው የሚመስለው። ሐይቁ ከኋላችን እየሰፋ፣ እየሰፋ መጣ። እትዬ አንዴ ብቻ ቆመው አዩት፣ ሁለቱንም ዓይን ከፍተው።

ቅዳሴ ወጥቶ ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ካህን፣ በር ላይ ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ፈጣን ናቸው። እትዬ መስቀል ተሳልመው ጥላውን በሁለት እጃቸው ዘረጉ፣ ግን አልለቀቁትም።

«አባቴ፣ ስለቴ ነው። ዛሬ ዓመቱ ነው። ግን ተበላሽቷል።»

«ምን ሆኖ?»

«መንገድ ላይ ተከፍቷል። ተጠልዬበታለሁ።»

«የከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ራሳቸውን ስተው ነበር። ኃጢአት ከሆነ የኔ ነው፣ እሳቸው እንዳትነኪው ብለውኛል። ፎቁንም የጨመርኩት እኔ ነኝ።» ቄሰ ገበዙ ስለ ፎቁ አልጠየቁኝም። ጥላውን ወሰዱ፣ ነጠላውን ገለጥ አድርገው ሽቦዎቹን በጣታቸው እየቆጠሩ ነኩ።

«ሲከፈት እንዴት ነው የተከፈተው?»

«በአንዴ።»

«ነፋስ ነበር?»

«ከወንበር ያነሳል።»

«አልተገለበጠም?»

«አልተገለበጠም።»

ገፉት። ጧ ብሎ ተከፈተ። ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ሰማያዊ ጥላ ይዘው ተመለሱ፤ የሚያምር፣ አዲስ፣ ዘርፉ ያልተበጠሰ። ገፉት። ግማሽ ላይ ቆመ። ታገሉት፣ እዚያው ነው።

«ይሄ ባለፈው ንግሥ ታቦቱ ሲወጣ እዚህ ላይ ቀረብኝ። ሕዝቡ እልል ይላል፣ እኔ ከሽቦ ጋር ትግል። ሁሉም ታሽጎ ነው የሚመጣው። ‹እንዳይነካ› ትላላችሁ፤ የሚከፈት ይሁን የማይከፈት የምናውቀው እኛ ነን፣ ያውም በሰው ፊት።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሞክራ ያመጣች አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

እትዬ አስካለ ደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። መጀመሪያ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እየሳቁ ነው፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። ናቲ ያኔ እያለከለከ ደረሰ፣ ምን እንዳለፈው ሳያውቅ እሱም ሳቀ። ቄሰ ገበዙ ጸበል ሰጡን፤ እትዬ ሁለቱንም ዓይናቸውን አጠቡ። በዚያ መሀል ከአንዲት ከጎንደር የመጡ መነኩሴ ጋር ሲንሾካሾኩ አየሁ፣ ነገሬ አላልኩትም።

ለዝዋይ ገበያ ሰው በምትጭን ጀልባ ነፋሱ ሳይነሳ ተሻገርን። ጥሎን ሄዷል ያልነው ቅጥቅጥ እዚያው ቆሟል፣ ተበላሽቶ አድሮ። በመበላሸቱ የተደሰትኩበት መኪና በሕይወቴ እሱ ብቻ ነው። ቲቸር ግርማ ስም ጠርተው ሁሉንም ሰው ጥላ ሥር አስቀምጠዋል። ናቲ በኩራት፣ «አንድ ደሴት በእግር» አላቸው። ያለ መነጽር ደብተሩን ፊታቸው ላይ ለጥፈው ጻፉ። «ከአምስት ሁለት። አንዱ ለዚህ፣ ግማሹ በዓይን ለጎበኘናቸው፣ ግማሹ ታቦት መስለን ለገባንበት ነው።»

ፈረንሳይ ስንወርድ ዝናብ እየጣለ ነበር፣ ያ የኛው ቀዝቃዛ፣ ከእንጦጦ እየተንደረደረ የሚመጣው። ሰው ሁሉ በየሱቁ በረንዳ ተጠልሏል። እኛ ዳገቱን ጀመርን።

«አሁን ጥላ ቢኖረን» አልኩ።

«ሰጠነዋ» አሉ እትዬ፣ ደስ ብሏቸው። ከሩቅ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አነበቡ፤ የቤት ሠራተኛ ይፈለጋል ይላል። ትንሽ ሄድን።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉኝ። «ጸበሉን ስጠጣ ደግሞ ተስያለሁ።»

«አሁን ደግሞ ለምኑ?»

«ላንቺ። አንድ ሥራ ላይ ዓመት ከቆየሽልኝ።»

«እሺ፣ የት?»

«ጣና ሐይቅ ላይ ያለ ገዳም ነው። ደሴት ነው አሉ፤ መነኩሴዋ ናቸው የነገሩኝ።»

ጣና ላይ ሴት የማይረግጣቸው ገዳማት እንዳሉ የማያውቅ ማን አለ? «እትዬ፣ ሴት ይገባበታል?» አልኳቸው።

እትዬ አስካለ መንገዱ መሀል ቆሙ። ዝናቡ ከነጠላቸው ጫፍ ይንጠባጠባል።

«እሱን አልጠየቅኋቸውም» አሉ።